መልኩን ተዉት፣ ቁጥሩን ፈልጉ

ቤሩት ሰባት ዓመት ሠርታ የተመለሰች የአክስቴ ልጅ አለች። ባለፈው ክረምት፣ ደሴ በጉም ተጠቅልላ ጦሳ ለሳምንት በማይታይበት ሰሞን፣ ሱቄ መጣችና ከቦርሳዋ አንድ የሕፃን ካልሲ አወጣች። ባንኮኒው ላይ ገለበጠችው። ሳንቲም ነው፤ አሥራ አንድ።

«ማዳም ናት የሰጠችኝ። የባሏ ነበር፤ እሱ ሲሞት መሳቢያውን ስናጸዳ ውሰጂው አለችኝ። የሮማ ነው አለች። እስቲ እየው፣ አንተ እንዲህ ዓይነት ነገር አይደል የምትወደው?»

እወዳለሁ። ሥራዬ ሞባይል ጥገና ነው፤ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ግን አሮጌ ሳንቲም ካየሁ የደንበኛ ስልክ ሆዱ ተከፍቶ ይቀራል። ደግሞ ለዚህ ነገር የሞባይል ጠጋኝ የሚያህል የለም። ማይክሮስኮፕ አለን፣ ትዊዘር አለን፣ መብራት አለን፣ ዓይናችንም ጥቃቅን ነገር ላይ ማፍጠጥ ለምዷል።

ከአሥራ አንዱ አንዷ ታምራለች። ትልቅ፣ ክብ፣ የንጉሡ ፊት ጥርት ያለ። አሥሩ ግን ምን ልበላችሁ፣ ታኝኮ የተተፋ ማስቲካ ነው የሚመስሉት። አንዱ ሦስት ማዕዘን ነገር ነው። አንዱ ግማሹ ባዶ ነው። አንዱ ላይ ያለውን ንጉሥ አንደኛ ክፍል ልጅ የሣለው ይመስላል፤ ሁለት ነጥብ ዓይን፣ አንድ መስመር አፍንጫ፣ እጁ ከጆሮው ሥር የወጣ። እኔም ቆንጆዋን ለብቻ አስቀመጥኩና «ይቺን በደንብ ያዣት፣ ሌላው እንግዲህ ያው ነው» አልኳት።

ነገሩ ግልብጥ ነበር። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እኛ ሰፈር ከዓረብ አገር የተመለሰ ሰው የሌለበት ቤት የለም፣ እንዲህ ያለ ነገር በየሻንጣው አይጠፋም።

ማዳሟ አልተሳሳተችም። ቢዛንታይን የምንላቸው ሰዎች ራሳቸውን ሮማዊ ነው የሚሉት፤ ቢዛንታይን የሚለውን ስም ያወጣላቸው ኋላ የመጣ ሰው ነው። ዋና ከተማቸው ቁስጥንጥንያ ነበረች። የወርቅ ገንዘባቸው ሶሊደስ ይባላል፤ ወደ 4 ግራም ተኩል ይመዝናል፣ ለዘመናት ሳይዛነፍ ቆይቷል። እኛ ጋ በካልሲ የሚመጣው ግን ወርቁ አይደለም። የገበያ መዳብ ነው፤ ሽንኩርት የተገዛበት።

መዳቡን ለመለየት ፊቱን ማየት አይጠቅምም። ይሄን ነገር ለመረዳት እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። የንጉሡ መልክ ሥዕል እንጂ ፎቶ አይደለም፤ ስሙም ዙሪያውን የተጻፈ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ግማሹ ከሳንቲሙ ውጭ ቀርቷል። ገልብጡትና ጀርባውን እዩ። መሀል ላይ አንድ ትልቅ ፊደል አለ። ብዙውን ጊዜ የላቲኑን «ኤም» ይመስላል። ፊደል አይደለም፤ ቁጥር ነው። አርባ ማለት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ንጉሥ አናስታስዮስ እ.ኤ.አ. በ498 ገንዘቡን አሻሻለ። ከዚያ በፊት ገበያ ላይ የነበረው መዳብ ኑሙስ የምትባል፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የምታንስ ብጣሽ ነበረች። ዳቦ ለመግዛት በከረጢት ነው የሚቆጠረው። እሱ አርባ ኑሙስ የሚያወጣ ትልቅ ሳንቲም፣ ፎሊስ የሚባለውን፣ አስመታና ጀርባው ላይ በግሪክ ቁጥር 40 ብሎ ጻፈበት። ግማሹን 20፣ ሩቡን 10፣ ኋላም 5 የሚሉ ተጨመሩ።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ሰው ከፈረንጁ የሚቀድመው። ፈረንጅ ጀማሪ ይሄን በሰንጠረዥ ይሸመድዳል። እኛ የግዕዝ ቁጥር አለን፣ የግዕዝ ቁጥር ደግሞ መነሻው ያው የግሪክ ፊደል ነው። (ይሄን ስል የሚቆጡኝ አሉ፤ ይቆጡ።) ፵ን ውሰዱና ላዩንና ታቹን ሰረዝ አንሱለት፤ የሳንቲሙ አርባ ነው። ሃያው የላቲን «ኬ» ይመስላል፣ ፳ ነው። አሥሩ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ነው፣ ፲ ነው። አምስቱ ፭ ነው። ከትልቁ ቁጥር ሥር አንዲት ትንሽ ፊደል ትገኛለች፤ እሷ ደግሞ ሳንቲሙ በስንተኛው የመምቻ ክፍል እንደተሠራ ነው የምትናገረው፤ ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፬፣ ፭። የግድግዳ ካላንደር ላይ የግዕዝ ቁጥር ማንበብ የሚችል ሰው የአንድ ወር ሥራ ተቃሎለታል ማለት ነው።

የቀረው ቦታ ቦታውን ማወቅ ነው። ከትልቁ ቁጥር በግራ በኩል ወደ ታች የተጻፈው «አኖ» ነው፣ በዓመት ማለት። በቀኝ በኩል የንግሥና ዓመቱ። ከታች ከመስመሩ ሥር የከተማው ስም አጥሮ ይገባል፤ «ኮን» ካለ ቁስጥንጥንያ፣ «ኒኮ» ካለ ኒቆሜድያ፣ «ኪዝ» ካለ ኪዚኮስ። አንጾኪያ ግን ፈተና ናት። በ526 በመሬት መንቀጥቀጥ ከፈረሰች በኋላ ስሟን ቴኦፖሊስ፣ የእግዚአብሔር ከተማ፣ ብለው ቀየሩት፤ ሳንቲሙም ላይ «ቴኡፕ» የሚል ነገር ነው የምታገኙት። አንጾኪያ የሚል ስትፈልጉ እንዳትውሉ።

ዓመት መጻፍ የጀመረው ዩስጢንያኖስ ነው፣ በነገሠ በ12ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 538/9። የዚያን ዓመት ፎሊስ ያየ ሰው አይረሳውም። ስፋቱ ከጠገራ ብር እኩል ነው፣ 4 ሳንቲ ሜትር፤ ክብደቱም ከ20 ግራም በላይ። የአክስቴ ልጅ ቆንጆዋ ሳንቲም እሷ ነበረች። ንጉሡ ፊት ለፊት ያያል፣ ቆብ ደፍቷል፣ እጁ ላይ መስቀል ያለበት ሉል፣ ከኋላ ትልቁ ፵፣ በቀኝ 12። የጽሑፉ ፊደል አንድም አልጎደለም።

ሚዛን ላይ ሳስቀምጣት 14 ግራም መታች።

ሚዛኑን ወቀስኩ። ባትሪ ቀየርኩ። 14። ስለዚህ ይዣት ወደ ሐጂ ሄድኩ።

ሐጂ ዓረብ ገንዳ በኩል ብር የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ለኔ አባት ማለት ናቸው፣ እናቴ የተዳረችበትን የአንገት ጌጥ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ስለ ቢዛንታይን ሰምተው አያውቁም። ስለ ብረት ግን ከሳቸው የሚደበቅ ነገር የለም። ቆንጆዋን ሳንቲም ተቀበሉኝና ፊቷን አላዩም። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሀል ይዘው ጠርዟን ብቻ አዞሯት፣ ቀስ ብለው፣ ሙሉ ዙር፣ መብራቱ ሥር።

«አንተ ልጅ፣ ይቺ አልተመታችም። ፈስሳ ነው።»

«እንዴት አወቁ ሐጂ?»

«መዳብ ሲመታ ይሸሻል። መዶሻው ሲያርፍበት ወደ ውጭ ነው የሚሄደው፣ ጠርዙ ይሰነጣጠቃል። ይቺ ስንጥቅ የላትም። ይልቅ ይሄን እየው፣» አሉና ጠርዟን ወደኔ አዞሩልኝ። ዙሪያውን በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የሄደ ቀጭን ጭረት። «ሞረድ ነው። የሁለቱ ፎርማ መጋጠሚያ ላይ የወጣውን ትርፍ ሞርደው ነው ያጠፉት።»

ሱቄ ተመልሼ ማይክሮስኮፕ ሥር ሳያት ፊቷ በሙሉ በመርፌ ጫፍ የተወጋ ይመስላል፤ ክብ ክብ የአየር ቀዳዳ። ፊደሎቹም ጠርዝ የላቸውም፣ እጅ ሲታጠቡበት የሰነበተ ሳሙና ላይ እንደተጻፈ። ለቱሪስት የተሠራች ናት። ሟቹ ባልም ተሸውዶ ነበር፤ አላህ ይዘንለት።

አሥሮቹ አስቀያሚዎች ግን ጠርዛቸው ስንጥቅጥቅ ነው። እያንዳንዳቸው የተመቱ ናቸው። ሐጂ አንድ በአንድ አዞሯቸውና «አብሽር፣ እነዚህስ መዶሻ ቀምሰዋል» አሉኝ።

ሐጂን ይሄን ዓይን የሰጣቸው ጠገራ ብር ነው። ላዩ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት፣ ማርያ ቴሬዛ፣ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ብሯ ግን እስከ ዛሬ በዚያው ዓመተ ምሕረት ይመታል። ቪየና መታው፣ ለንደን መታው፣ ጣልያን በ1935 ሊወረን ሲያስብ ሮም ላይ መታው። 28 ግራም፣ ከሺህ 833ቱ ንጹሕ ብር። ሰው ሌላ መልክ እምቢ ስላለ ነው የማይለወጠው። የባቲ ገበያ ሰው ንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለችውን የጌጥ ፍሬ ቆጥሮ ነበር የሚቀበለው፣ ፍሬዋ ካልተቆጠረች አይነካውም ነበር ይባላል። ሐጂ ልጅ ሆነው ይሄን ሥራ ነው የጀመሩት፤ አባታቸው ብሩን ከማቅለጣቸው በፊት ጠርዙን የሚያይ ልጅ።

አሁን ወደ አስቀያሚዎቹ።

ሦስት ማዕዘኑን ሳሳያቸው ሳቁ። ሁለት ጎኑ ቀጥ ያለ፣ አንድ ጎኑ የተጠጋጋ ነው። «ይሄ እኮ የድፎ ዳቦ ቁራሽ ነው!» ልክ ናቸው። ትልቅ የድሮ ፎሊስ በመቀስ ለአራት ተቆርጦ፣ ቁራሹ ላይ አዲስ ንጉሥ ተመቶበታል። ይሄ የአንድ ሰው ሌብነት አይደለም፣ መንግሥት ራሱ ያደርገው ነበር። ኮንስታንስ ዳግማዊ (641–668) ዘመን ላይ ፎሊስ ከ4 እና ከ5 ግራም እየወረደ ስለነበር ከአንድ የዩስጢንያኖስ ሳንቲም አራት ማውጣት ይቻላል። ስለዚህ ቅርጹ መበላሸቱ ራሱ ዘመኑን ይናገራል። ትልቅና ክብ ከሆነ ወደ 6ኛው መቶ ዘመን ሂዱ፣ ትንሽና ቆራጣ ከሆነ ወደ 7ኛው። ይሄ ሕግ አይደለም፣ ግን ከስምንት ጊዜ ሰባቱን አላሳፈረኝም።

ኮንስታንስን የምታውቁት በጺሙ ነው። በ11 ዓመቱ ነው የነገሠው፣ መጀመሪያ ላይ ጉንጩ ልጥ ነው። ከዚያ አጭር ጺም። ከዚያ ሆዱ ድረስ የሚወርድ ጺም፤ ሰው ራሱ «ጺማሙ» ይለው ነበር። ፊት አይጠቅምም ያልኩት እንዳለ ሆኖ፣ ጺም ይጠቅማል። ሌላው የታወቀ ዓይነቱ ቆሞ ረጅም መስቀል የያዘበት ነው፤ ዙሪያውን «ኤን ቱቶ ኒካ» ይላል። በዚህ ድል አድርግ።

ይሄን ሐረግ የሆነ ቦታ የሰማችሁት ይመስላችኋል? አክሱም ነው። ስሙ አናባቢ በሌለው ግዕዝ መ-ሐ-ደ-የ-ሰ ተብሎ ብቻ የተጻፈ ንጉሥ መዳቡ ላይ «በዝ መስቀል ትመውእ» ብሎ አስመትቷል። በቈስጠንጢኖስ የተጀመረው አባባል በግዕዝ ተተርጉሞ፣ ከኮንስታንስ በፊት። የአክሱም ሳንቲም ሌላ ቀን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባዋል፤ መዳብና ብር ላይ የንጉሡን ራስ ዙሪያ በወርቅ የሚለብጡት ነገር ሌላ አገር አላየሁም። ግን አንድ ነገር ልበል። እርሻ ላይ ወይም መሠረት ሲቆፈር እንዲህ ያለ ካገኛችሁ አንጥረኛ ጋ አትውሰዱት። አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፣ ለባህል ቢሮ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ሐጂ ራሳቸው በወጣትነታቸው «አሮጌ መዳብ» ተብሎ የመጣላቸውን ስንቱን እንዳቀለጡ ሲያስቡ ራሳቸውን ይይዛሉ።

ወደ ካልሲው። ከአሥሩ የወደድኩት ግማሽ ባዶ የመሰለኝን ነው። 9 ግራም ከምናምን፣ ያልተስተካከለ፣ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ። አባትና ልጅ ናቸው፤ ሕርቃል (610–641) እና ልጁ። ከኋላ ግን አርባው አራት እግር አለው! ማይክሮስኮፕ ሥር አንድ ሰዓት አፈጠጥኩበት። ከዚያ መብራቱን ከላይ አንስቼ ከጎን፣ ባንኮኒው ላይ አስተኝቼ አበራሁት፣ ጥላው ረዘመ፣ ነገሩም ወጣ። በአባትና ልጁ መሀል አንድ ሦስተኛ ሰው በጎኑ ተኝቷል። ራስ፣ የዘውድ ነጠብጣብ፣ ከላዩ ትንሽ መስቀል። የቀድሞ ንጉሥ ነው። ሳንቲሙን ሳያቀልጡት፣ እንዳለ፣ ላዩ ላይ ደግመው መተውበታል። አራቱ እግርም አሮጌው አርባ ከአዲሱ አርባ ሥር ሆኖ ነው።

ምክንያቱም ሕርቃል ገንዘብም ጊዜም አልነበረውም። ፋርሶች ደማስቆን በ613፣ ኢየሩሳሌምን በ614 ያዙ፣ ከ619 ጀምሮ ግብፅን። በ615 አዲስ የብር ገንዘብ ሲያስመታ የጻፈበት «እግዚአብሔር ሮማውያንን ይርዳ» የሚል ነው። ይሄ ሁሉ ጭንቀት መዳቡ ላይ ይታያል፤ ጥድፊያ ነው። በነገራችን ላይ 615 ማለት የነቢዩ ተከታዮች ወደ ነጃሺ አገር የተሰደዱበት ዓመት ነው ይባላል። ይሄን ለሐጂ ስነግራቸው ሳንቲሙን እንደገና ከእጄ ወሰዱና ለረጅም ጊዜ አልመለሱልኝም።

እንዲህ ያለ ሳንቲም ስታገኙ የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው፦ መልኩ ግራ ካጋባችሁ አዙሩት። በ90፣ በ180። ሁለት ሥዕል ተደራርቦ እንጂ አንድ አስቀያሚ ሥዕል ላይሆን ይችላል። የስልክ መብራት ከጎን፣ ክፍሉ ጨለም ብሎ።

ወፍራሟ ድቡልቡል ደግሞ ለሁለት ቀን አሠቃየችኝ። ከኋላዋ አርባም ሃያም የለም። አንድ እንጨት፣ መሀል መስቀል፣ ከዚያ «ቢ» የሚመስል። ፲ እና ፪። አሥራ ሁለት! አሥራ ሁለት ኑሙስ የሚባል ገንዘብ ሌላ ቦታ የለም፣ እስክንድርያ ብቻ ናት የምታስመታው፤ ከሥሩም «አሌክስ» ይላል፣ የኔው ላይ «ሌክ» ብቻ ቀርቷል። ግብፆች ሌላው ሰፊና ስስ ሲመታ እነሱ ትንሽና ወፍራም ነበር የሚወዱት። ፋርሶች ግብፅን በያዙበት ዘመን የተመታው ከንጉሡ ፊት ግራና ቀኝ ኮከብና ጨረቃ አለው። የኔው ላይ የለም። ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽም።

አንድ ንጉሥና ንግሥት ጎን ለጎን ዙፋን ላይ የተቀመጡበትም አለ፤ ዩስጢኖስ ዳግማዊና ሶፊያ፣ 565–578። ቀላል ነው ብዬ ላልፈው ስል ከመቶ ዓመት በኋላ ቤይሳንና ጀረሽ በሚባሉ ከተሞች ዓረቦች ይሄንኑ ሥዕል አስመስለው እንደመቱ አስታወስኩ። የኔው ጽሑፉ ይነበባል፣ ከተማው ኒቆሜድያ፣ እሺ፣ ይለፍ።

አስመስሎ መምታት ላይ ስንደርስ ነው እንግዲህ ነገሩ የሚጣፍጠው። ከካልሲው አራቱ የቁስጥንጥንያ ናቸው ብላችሁ ብትምሉ ይፈረድባችኋል። እጁ ከጆሮው ሥር የወጣው ሰውዬ እዚህ ውስጥ ነው። የሦስቱ ሥዕል ኮንስታንስ ነው፣ ቆሞ መስቀል የያዘው። ግን «ኤን ቱቶ ኒካ» የነበረበት ቦታ ላይ ጽሑፍ የሚመስል ጭረት ብቻ ነው ያለው። «ኮን» ተገልብጦ «ኖክ» ሆኗል። የመምቻ ክፍሉ ቁጥር ተዘቅዝቋል። ቅርጹን የቀረጸው ሰው ፊደሉን አያውቅም፤ ሳንቲም ፊት ለፊቱ አስቀምጦ እንደ ጥልፍ ነው የገለበጠው። ደግሞ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ሳንቲሙን ከላይና ከታች በሁለት ጣት ይዛችሁ እንደ መጽሐፍ ገጽ ወደ ጎን ገልብጡት። በትክክለኛው የቢዛንታይን ሥራ ጀርባው አብዛኛውን ጊዜ ተዘቅዝቆ ነው የሚመጣው፣ አናቱ የሰዓት ፊት ላይ 6 ቁጥር ባለበት በኩል። አስመሳዩ ግን እንዳገኘ ነው፣ 2 ላይ፣ 9 ላይ።

ሐሰተኛ ናቸው ማለት ግን አይደለም። ሶርያ በ630ዎቹ ከቁስጥንጥንያ እጅ ወጥታ በሙስሊሞች እጅ ገባች። ገበያው ግን ሰኞም ማክሰኞም አለ፣ ሳንቲም ይፈልጋል። አሮጌው ሲያልቅ በየአካባቢው ያለ አንጥረኛ የለመደውን አስመስሎ መታ። በዚያን ጊዜ በደንብ የሚሠራ ገንዘብ ነበር።

አራተኛውን ሐጂ ናቸው ያነበቡት፣ እኔ አይደለሁም። ፊት ለፊት የሚያይ የንጉሥ ፊት፣ ከኋላ አርባ። የከተማው ስም መኖር ያለበት ቦታ ላይ ግሪክ የማይመስል ጠመዝማዛ ነገር አለ። እኔ «ተበላሽቷል» ብዬ ትቼዋለሁ። ሐጂ የብር ሥራ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ሳንቲሙን ወደ በሩ ብርሃን ይዘውት ወጡ፤ ዝም፤ ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ዓረብኛ ነው እኮ! ነጥብ የለውም እንጂ... ጧ፣ ያ፣ ባ። ጠይብ። ጠይብ ነው የሚለው!»

ጠይብ። ጥሩ፣ ደህና። የአክስቴ ልጅ ሰባት ዓመት በቀን መቶ ጊዜ የሰማችው ቃል። በሌላኛው ፊት ከንጉሡ ጎን በግሪክ «ካሎን» ተጽፏል፤ እሱም ጥሩ ማለት ነው፤ በሌላው ጎን በዓረብኛ «ቢ ሒምስ»፣ በሆምስ ማለት። የሆምስ ከተማ ሳንቲም ነው፣ የ7ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ። «ይሄ ብር ደህና ነው፣ ተቀበሉት» ብሎ በሁለት ቋንቋ የሚምል ሳንቲም።

ሐጂ ግን ዓይናቸው መስቀሉ ላይ ቀረ። «እነዚህ ሰዎች ሙስሊም ከሆኑ መስቀሉን ለምን አላጠፉትም?»

«ሐጂ፣ እርስዎስ ማርያ ቴሬዛ ላይ ያለችውን ሴትዮ አጥፍተው ቢመጡ ባቲ ላይ ማን ይቀበልዎታል?»

ሳቁ፤ ገባቸው። ኋላ ግን ጠፍቷል። መጀመሪያ፣ በደረጃ መሰል መቆሚያ ላይ የተተከለው መስቀል ክንዱ ተቆረጠና እንጨት ብቻ ሆነ። በመጨረሻም ኸሊፋ ዓብዱልመሊክ በ77 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. 696/7፣ ሥዕሉን በሙሉ አንስቶ ጽሑፍ ብቻ ያለበት የወርቅ ዲናር አስመታ። በመሀል ያሉት ስልሳ ዓመታት ናቸው እንግዲህ እነዚህን ጉደኛ ሳንቲሞች የወለዱት። ወሎዬ ለሆነ ሰው መስቀልና ጠይብ አንድ ሳንቲም ላይ መገናኘታቸው ብዙ አያስደንቅም፤ አክስቴ ቤት ለፋሲካም ለዒድም ነው የሚታረደው።

አሁን የጥፋቴን ልናገር። ከሦስቱ የኮንስታንስ አንዱ አፈር የበዛበት ነበር። ሎሚና ጨው አደረግኩበት፣ የናስ ዕቃ እንደሚታጠበው፣ አሳድሬ። ጠዋት ሳወጣው እንደ ሕፃን ልጅ ቂጥ ሮዝ ሆኖ ተጎርብጧል። ጺሙም የለም፣ መስቀሉም የለም። ለአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ጽሑፉን ይዞ የቆየው ያ አረንጓዴው ቆዳ ነበር፤ እኔ በአንድ ሌሊት ገፈፍኩት። ለአክስቴ ልጅ ስነግራት «እሺ ምን ይደረግ» አለች፤ ሐጂ ግን ሳምንት አላናገሩኝም። ስለዚህ ሎሚ የለም፣ አቼቶ የለም፣ የብረት ብሩሽ የለም። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ቀናት ይቆይ፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሥር በእንጨት ስንጥር፣ ቀስ እያሉ። እንደ ዱቄት የሚረግፍ ብሩህ አረንጓዴ ካያችሁ ግን ለብቻው አስቀምጡት፣ እርጥበት ባገኘ ቁጥር መዳቡን ይበላዋል። የደሴ ክረምት ለዚህ ክፉ ነው። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣሏት፤ እኔ ከነሱ ጋር ነው ያሸግኳቸው።

«ስንት ያወጣሉ?» አለችኝ መጨረሻ ላይ፣ መጠየቋም አይቀርም። እውነቱን ነገርኳት። ተራ የኮንስታንስ ፎሊስ ውጭ አገርም ቢሆን የአንድ ሁለት ሰው ምሳ ነው። በጣም ብዙ ነው የተመታው። የሆምሱ ትንሽ ይሻላል። ቆንጆዋ ምንም አታወጣም።

ትንሽ ዝም አለችና ቆንጆዋን አንስታ ካልሲው ውስጥ መልሳ ከተተች። «ይቺን ለራሴ። ማዳም ናት የሰጠችኝ።» ዘጠኙ በየፖስታቸው ግራማቸው ተጽፎባቸው እኔ ጋ ናቸው፤ ሮዙም ጭምር፣ እንዲያስታውሰኝ። ጠይብ የሚለውን ሐጂ ለምነው ወሰዱት። ጠገራ ብሮቹን በሚያስቀምጡበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው ያለው፣ ሰው በመጣ ቁጥር ያወጡታል፣ መጀመሪያ ጠርዙን ያሳያሉ።